ከግድግዳ ወደ ግቢ፦ የኃይል ጣቢያን የአካባቢ አያያዝ በድሬዳዋ መሬት ላይ ለማዋል የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ድሬዳዋ የምትጠጣው ከእግሯ ሥር የሚወጣ ውሃ ነው። የሳቢያን ጉድጓዶች ከተማዋን ለብዙ ዓመታት አጠጥተዋል። ሐረርም የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅባት ፊቷን ያዞረችው ወደ ድሬ ቆላ ጉድጓዶች ነው። ውሃው በፓምፕ ተገፍቶ ዳገቱን ይወጣል። እንግዲህ በዚህ አሸዋማ መሬት ላይ የፈሰሰ ዘይት ወዴት እንደሚወርድ መገመት አይከብድም።

ድሬ ደግሞ የኃይል ከተማ ናት። በናፍጣ የሚሠራ መጠባበቂያ ማመንጫ አላት። ወደ ጅቡቲ የሚሻገረው 230 ኪሎ ቮልት መስመር የሚነሳው ከዚሁ ነው። በዚያ ላይ ማከፋፈያ ጣቢያው፣ በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር፣ የፋብሪካውና የሆቴሉ ጀኔሬተር አለ። ይህ ሁሉ ሲደመር በከተማዋ ውስጥ የተቀመጠው ዘይትና ናፍጣ ቀላል አይደለም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። የጣቢያ ኃላፊ፣ ቴክኒሻን፣ ስቶር ኪፐር፣ የአካባቢና ደህንነት ባለሙያ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ከአጥር ውጭ የምትኖሩ ጎረቤቶችም ብታነቡት አይከፋም፤ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ሐሳቤ አንድ ነው። አንድ የኃይል ድርጅት ለአካባቢ ያለው ቁርጠኝነት የሚታየው ዘይትና ውሃ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ስለዚህ ረጅሙን ሰዓት እዚያ ላይ እናጠፋለን።

ደረጃ 1፦ ፖሊሲውን ወደ ሥራ ዝርዝር ቀይሩት

በፍሬም ተሰቅሎ ማኅተም ያረፈበትን የአካባቢ ፖሊሲ አውርዱትና አንብቡት። ድርጅቱ አይኤስኦ 14001 የሚባለውን ዓለም አቀፍ የአካባቢ አያያዝ መስፈርት የሚከተል ከሆነ ፖሊሲው ቢያንስ ሦስት ቃል መግባት አለበት። አካባቢን እጠብቃለሁ፣ ብክለትንም እከላከላለሁ ማለት አለበት። ሕጉን አከብራለሁ ማለት አለበት። አሠራሬን ያለማቋረጥ አሻሽላለሁ ማለት አለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አይኤስኦ 14001 ራሱ የብክለት መጠን አይወስንም። ይህን ያህል ሚሊግራም፣ ይህን ያህል ዴሲቤል አይልም። ልኩን የምታገኙት ከሕግና ከብክለት ልክ መመሪያዎች ነው። አይኤስኦ የሚጠይቃችሁ ቃላችሁን በምን እንደምትፈጽሙ ነው።

አሁን አንድ ወረቀት ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ቃል በግቢያችሁ ውስጥ በዓይን የሚታይ ሥራ ጻፉለት። “ብክለትን እንከላከላለን” የሚለው “የናፍጣ ታንከሩ ዙሪያ ያለው ግንብ ስንጥቅ እስከ ሚያዝያ 15 ይደፈናል፤ ኃላፊው የሲቪል ጥገና ፎርማን ነው” ሆኖ መውረድ አለበት። የሰው ስም፣ ቀንና ገንዘብ የሌለው ሥራ አይሠራም።

ደረጃ 2፦ ግቢውን በእግራችሁ ዙሩት

ኮምፒውተር ላይ አትጀምሩ። የግቢውን ካርታ በእጅ ሥላችሁ በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ የድሬ ፀሐይ አያሠራም። አንድ የረጅም ጊዜ ሠራተኛ ይዛችሁ ዙሩ። ጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ። የትኛው ቱቦ እንደሚያንጠባጥብ፣ የትኛው ጥግ ሌሊት እንደሚሸት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ካርታው ላይ ሁለት ነገር በተለያየ ቀለም ምልክት አድርጉ። በአንዱ ቀለም ዘይት፣ ናፍጣ፣ አሲድ ወይም ኬሚካል ያለበትን ሁሉ፦ ታንከር፣ በርሜል፣ ትራንስፎርመር፣ ባትሪ ክፍል፣ ጋራዥ፣ መጋዘን። በሌላው ቀለም የውሃ መውጫውን ሁሉ፦ የጣሪያ አሸንዳ፣ ቦይ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የአጥሩ ሥር ቀዳዳ። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ካላወቃችሁ ባልዲ ውሃ አፍስሱና ተከተሉት። ወደ ጎረቤት ግቢ ነው? ወደ አስፋልቱ ቦይ ነው? ወደ አሸዋ ወንዙ ነው? ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበትን ቦታ አክብቡት። ቅድሚያ የምትሰጡት ለእሱ ነው።

ለእያንዳንዱ ክብ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ሥራ በደህናው ቀን ሲሄድ ምን ይወጣል? ለጥገና ሲቆም ወይም ሲነሳ ምን ይወጣል? አደጋ ሲደርስስ? ሰው የመጀመሪያውን ይመልስና የቀሩትን ሁለቱን ይረሳል። ዘይት በብዛት የሚፈሰው ግን ነዳጅ ሲራገፍ፣ ዘይት ሲቀየርና ትራንስፎርመር ሲነሳ ነው።

ደረጃ 3፦ ሕጉን በአንድ ገጽ ያዙ

ሕግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አራት አዋጆችን እወቁ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ነው። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ አይጀመርም፤ በጥናቱ ላይ የተገባውን ቃል መፈጸምም ግዴታ ነው። ስለዚህ የጣቢያችሁን የቆየ ጥናት ፈልጋችሁ አውጡ። ብዙ ጊዜ ዋና መሥሪያ ቤት ሼልፍ ላይ ተቀምጦ ጣቢያው ራሱ አይቶት አያውቅም። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ነው። በዚህ አዋጅ የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድመ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ግቢያችሁ መግባት ይችላል። የጥበቃ ሠራተኞቻችሁ ይህን ይወቁ፤ በር ላይ ማስቆም ጣጣ ያመጣል። ሦስተኛው ስለ ደረቅ ቆሻሻ ነው፤ ቀድሞ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ነበር፣ በ2017 ዓ.ም. ግን አዲስ አዋጅ ስለጸደቀ አዲሱን ያዙ። አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ደግሞ ስለ አደገኛ ቆሻሻ ነው። ያገለገለ ዘይትና የሞተ ባትሪ የሚወድቁት በዚህ በመጨረሻው ሥር ነው።

ከሁሉ በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። ከአጥራችሁ ማዶ ልብስ የምታሰጣው እናት ይህ መብት አላት።

ደረጃ 4፦ ዘይትና ናፍጣ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ።

ከታንከሩ ጀምሩ። ማንኛውም የናፍጣ ወይም የዘይት ታንከር ዙሪያውን ግንብ ያለው፣ ወለሉ ኮንክሪት የሆነ ገንዳ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የተለመደው ልክ የትልቁ ታንከር 110 ከመቶ ነው። ታንከራችሁ 50 ሺህ ሊትር ከያዘ ገንዳው 55 ሺህ ሊትር፣ ማለትም 55 ሜትር ኩብ መያዝ አለበት። ወለሉ 10 ሜትር በ8 ሜትር ከሆነ ስፋቱ 80 ሜትር ካሬ ነው። 55ን ለ80 ስታካፍሉ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይመጣል። አሁን ዝናቡን አስቡ። በአንድ ከባድ ዝናብ 60 ሚሊ ሜትር ቢወርድ በዚያ ወለል ላይ 4.8 ሜትር ኩብ ውሃ ይጠራቀማል። 10 ከመቶ ብላችሁ የጨመራችሁት 5 ሜትር ኩብ ትርፍ ከሞላ ጎደል በአንድ ዝናብ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ግንቡን ከፍ አድርጉት፣ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥሩለት። እኔ ጣሪያውን እመርጣለሁ። ጥላውም ለናፍጣው ይጠቅማል፤ ውሃ የማስወጣት ጣጣም ይቀራል። ገንዳው ውስጥ ሌሎች ትናንሽ ታንከሮች ካሉም የሚይዙትን ቦታ ቀንሱ።

ግንቡ እንደማያፈስ በምን ታውቃላችሁ? በጥገና ጊዜ፣ ታንከሩ እንዳይንሳፈፍ ከኮንክሪቱ ጋር መታሰሩን አረጋግጣችሁ፣ ገንዳውን ውሃ ሙሉትና ከፍታውን በቾክ አስምሩ። አንድ ቀን አቆዩት። ግን የድሬ ሙቀት ውሃውን ስለሚያተን መቀነሱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። አጠገቡ አንድ ሰፊ ባልዲ ሞልታችሁ አስቀምጡ። ባልዲው 1 ሳንቲ ሜትር ቀንሶ ገንዳው 4 ከቀነሰ ገንዳው ያፈሳል። ዋጋው ውሃ ብቻ ነው፤ ውሃውንም ለችግኝ ትጠቀሙበታላችሁ፤ ዘይት ካልነካው ብቻ።

የገንዳው የውሃ ማስወጫ ቫልቭ ሁልጊዜ ዝግ ይሁን። ቁልፍ ያለው ሰንሰለት አስገቡለት። ዝናብ ሲጠራቀም ኃላፊው መጥቶ ያያል። ላዩ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ስስ ሽፋን ከታየ ውሃው በቀጥታ አይለቀቅም፤ ወደ ዘይትና ውሃ መለያ ገንዳ ይሄዳል። ተከፍቶ የተረሳ ቫልቭ ያለው ግንብ ለጌጥ የቆመ ነው። በጉብኝት ወቅት መጀመሪያ የማየው ይህን ቫልቭ ነው።

መለያ ገንዳውም እንክብካቤ ይፈልጋል። ሥራው ቀላል ነው፤ ዘይት ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከሥር ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል። በየሳምንቱ ክዳኑን ክፈቱ። የመጨረሻው ክፍል ላይ ዘይት ካያችሁ የመጀመሪያው ሞልቷል ማለት ነው፤ ጨልፋችሁ በበርሜል አኑሩ። አንድ ትልቅ ጥፋት ብዙ ቦታ አያለሁ። ወለል በኦሞ ወይም በፈሳሽ ሳሙና ታጥቦ ወደ መለያው ይለቀቃል። ሳሙና ዘይቱን ከውሃው ጋር ያዋህደዋል። ያን ጊዜ መለያው ዋጋ የለውም፤ ዘይቱ ከውሃው ጋር ሄደ። በሰጋቱራ ወይም በደረቅ አሸዋ ጥረጉ፤ ጠራጊውንም እንደ አደገኛ ቆሻሻ ለብቻው አስቀምጡ። ለሙቀት ኃይል ማመንጫዎች በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን መመሪያ የሚጠቀሰው ልክ በአንድ ሊትር ፍሳሽ ውስጥ 10 ሚሊግራም ዘይትና ቅባት ነው። ይህ በዓይን አይታይም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ናሙና ወስዳችሁ ላቦራቶሪ ላኩ።

ትራንስፎርመር ሌላ ታሪክ ነው። በማከፋፈያ ጣቢያ ያሉት ትላልቆቹ ብዙ ቶን ዘይት ይይዛሉ። ከሥራቸው በጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ይሠራላቸዋል። ጠጠሩ ዘይቱን ወደ ታች ያሳልፋል፤ እሳት ከተነሳም ያፍናል። ድሬ ላይ ግን ነፋሱ አሸዋና አቧራ ያመጣና የጠጠሩን ክፍተት ይሞላዋል። ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ዘይት ቢፈስበት ግን ወደ ውጭ ይንሸራተታል። አካፋ ይዛችሁ አንድ ቦታ ቆፍራችሁ እዩ። ጠጠሩ ከአፈር ጋር ተጋግሮ ከሆነ አውጥታችሁ ማጠብ ወይም መተካት ነው።

የቆዩ ትራንስፎርመሮች ካሏችሁ ፒሲቢ የሚባለውን ኬሚካል አስቡ። ቀድሞ ለትራንስፎርመርና ለካፓሲተር ዘይት ይጨመር ነበር። በተፈጥሮ አይፈርስም፣ በምግብ ሰንሰለት ይጠራቀማል፣ ለካንሰርም ይዳርጋል። ኢትዮጵያ የስቶክሆልም ስምምነት አባል ናት። ስምምነቱ በመሣሪያ ውስጥ ያለ ፒሲቢ አጠቃቀም እ.ኤ.አ. እስከ 2025 እንዲያበቃ፣ እስከ 2028 ደግሞ በአግባቡ እንዲወገድ ጥረት እንዲደረግ ይጠይቃል። መለያው በአንድ ኪሎ ዘይት 50 ሚሊግራም ነው። የስም ሰሌዳው ላይ አስካሬል፣ አሮክሎር ወይም ፒራሌን የሚል ካገኛችሁ ወዲያው ለዩት። ሰሌዳው ምንም ባይልም አትመኑ። አንድ የማጣሪያ ማሽን በብዙ ትራንስፎርመሮች ላይ ሲዞር ንጹሑንም ይበክላል። ናሙና ውሰዱና በፈጣን መመርመሪያ ኪት አጣሩ፤ አዎንታዊ የሆነውን ላቦራቶሪ ያረጋግጠዋል። ውጤቱን በትራንስፎርመሩ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉ። ያልተመረመረ ዘይት ከሌላ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ አንድ የተበከለ በርሜል መቶውን ያበላሻል።

የበርሜሉን ጉዳይ ለይቼ መናገር እፈልጋለሁ። ድሬ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር አላት። ሰው ውሃ የሚያጠራቅመው በበርሜልና በጀሪካን ነው። ከጣቢያ የወጣ ባዶ የዘይት በርሜል ገበያ ላይ ቶሎ ዋጋ ያገኛል፤ ከዚያ ታጥቦ የመጠጥ ውሃ ዕቃ ይሆናል። ይህ እንዲሆን መፍቀድ የለብንም። ባዶ በርሜል ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ታችና ላዩ ይበሳ፣ ይጨፍለቅ፣ ከዚያ በብረትነት ይሸጥ። ለመብሳት ግን ብየዳም ሆነ ፍሌክስ አትጠቀሙ፤ በውስጡ የቀረው ጋዝ ይፈነዳል። ያገለገለው ዘይትም እንዲሁ ነው። ለእንጨት ቅብ፣ ለምስጥ ማጥፊያ፣ ለአቧራ ማብረጃ ተብሎ በሊትር የሚሰጥ ዘይት ሁሉ መጨረሻው አፈር ውስጥ ነው። የትራንስፎርመር ዘይት ቆዳ ላይ የሚቀባ ወይም የሚጠበስበት አይደለም፤ ለሠራተኞች በግልጽ ንገሯቸው።

እና የት ይሂድ? ፈቃድ ላለው ተረካቢ ብቻ፣ በደረሰኝ፣ በሊትር ተመዝግቦ። ፒሲቢ የሌለበትን ያገለገለ ዘይት የሲሚንቶ ምድጃ በከፍተኛ ሙቀት ሊያቃጥለው ይችላል፤ በሌሎች አገሮች የተለመደ ነው። ድሬ ደግሞ የሲሚንቶ ከተማ ናት። ሐሳቡን ይዛችሁ መጀመሪያ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ጠይቁ። በራሳችሁ ስልክ ደውላችሁ መኪና አትጫኑ።

ዘይት ሲፈስ ደግሞ ቅደም ተከተሉ አጭር ነው። ምንጩን ዝጉ። እሳትና ሲጋራ አርቁ። የቦዩን አፍ በአሸዋ ከረጢት ድፈኑ። ከዳር ወደ መሐል እየጠረጋችሁ ሰብስቡ። የራሰውን አፈር ቆርጣችሁ አውጡ፤ አፈር አልብሳችሁ አትለፉት። ከዚያ መዝግቡና አሳውቁ። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ውድ አይደለም፦ ደረቅ አሸዋ፣ አካፋ፣ ከረጢት፣ ባዶ በርሜል፣ ጓንት፣ ቦቲ። ግን ቁልፉ ቅዳሜ ማታ ከጥበቃው ጋር መኖር አለበት። በተቆለፈ ስቶር ውስጥ ያለ አሸዋ እንደሌለ ነው።

ደረጃ 5፦ ጭስ፣ ፍጆታና ድምፅ

ጀኔሬተር በጭሱ ይናገራል። ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ኢንጀክተር መበላሸቱን ያሳያል። ሰማያዊ ከሆነ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው። በድሬ አቧራ የአየር ፊልትሩ ማኑዋሉ ከሚለው ቀድሞ ይደፈናል፤ ቀኑን አትጠብቁ፣ አይታችሁ ቀይሩ።

ከጭሱ በላይ የሚታመነው ቁጥር ነው። በየፈረቃው የተቃጠለውን ሊትር ለመነጨው ኪሎ ዋት ሰዓት አካፍሉ። ውጤቱ ከ0.25 ወደ 0.29 ከወጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ስለዚህ ጥሩ ጥገና ገንዘብም አየርም ያድናል። ይህን ቁጥር ለፋይናንስ ክፍል ስታሳዩ የፊልተር በጀት ለማግኘት ክርክር አይበዛም።

ለድምፅ በመኖሪያ ሰፈር የሚጠቀሰው ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የምትለኩት ሞተሩ አጠገብ ሳይሆን የመጀመሪያው ቤት አጠገብ፣ በተለይ ሌሊት ነው። ሳምንታዊ የሙከራ ማስነሻችሁን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ አድርጉት። ዓርብ ቀትር ላይ አይሁን፤ የጁምዓ ሰዓት ነው። እሑድ ጠዋት የቅዳሴ ሰዓትም አይሁን።

ደረጃ 6፦ የማይታየው ጋዝና የማይታሰበው ባትሪ

በአንዳንድ ሰርኪዩት ብሬከሮች (መስመር ቆራጭ መሣሪያዎች) ውስጥ ኤስ ኤፍ ሲክስ የሚባል ጋዝ አለ። ቀለም የለውም፣ አይሸትም። አንድ ኪሎው በ100 ዓመት ስሌት ከ23 ሺህ ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ምድርን ያሞቃል። ስለዚህ ሲሊንደሩን ከመሙላት በፊትና በኋላ መዝኑ። 4 ኪሎ ጨመራችሁ እንበል። ያ 4 ኪሎ ከብሬከሩ ሾልኮ የሄደ ነው። በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 35 ሺህ ሊትር ናፍጣ ከማቃጠል ጋር ይመጣጠናል። “ሲያንስ እንሞላዋለን” የሚለው ልማድ ለዚህ ነው መቅረት ያለበት፤ ማፍሰሻው ተፈልጎ ይጠገን። ጋዙ ከአየር አምስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ በኬብል ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሳታናፍሱ የወረደ ሰው ይታፈናል።

የባትሪ ክፍሉ አየር ይፈልጋል፤ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይወጣል። አጠገቡ የዓይን መታጠቢያ ውሃና ለፈሰሰ አሲድ ቤኪንግ ሶዳ ይኑር። የሞተ ባትሪ እርሳሱ ተፈልጎ በየጓሮው ይቀለጣል። የልጆችን አንጎል የሚጎዳ ሥራ ነው። በቁጥር አስረክቡ፣ በቁጥር ተረከቡ።

ደረጃ 7፦ ከአጥር ውጭ፣ መስመሩ ሥር

መስመር ሥር ዛፍ መቁረጥ የማይቀር ነው። ግን መግረዝ ሲበቃ አትንቀሉ፤ የሰው ማንጎ ወይም ጫት ከሆነ ባለቤቱ ቆሞ ይቆረጥ፣ ካሳውም ቀድሞ ይነገረው። ለፕሮሶፒስ ግን ርኅራኄ አያስፈልግም። በምሥራቁ ቆላ ግጦሹን የወረረ ዛፍ ነው። ከመሬት በላይ ከቆረጣችሁት እጥፍ ሆኖ ያቆጠቁጣል። ከመሬት በታች ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ሥሩን ቁረጡ። ፍሬውን በመኪና ጭናችሁ አትዙሩ፤ ፍየልና ግመል በልተውት ዘሩን በእበታቸው ይበትኑታል።

ወፎቹንም አትርሱ። ነጭ ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ያለበት ወፍ ነው። ከባልካንና ከቱርክ ተነስቶ የዚያን አገር የብርድ ወራት በአፋርና በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚያሳልፍ ብዙ ነው። የሚሞተው በረጅሙ ማማ ላይ ሳይሆን ሽቦዎቹ በተቀራረቡበት አነስተኛ ምሰሶ ላይ ነው፤ ክንፉን ሲዘረጋ ሁለት ሽቦ ይነካል። ከቆሻሻ መጣያና ከቄራ አጠገብ ካሉ ምሰሶዎች ጀምሩ። ትራንስፎርመሩ አናት ላይ ያለውን አጭር ሽቦ በመከለያ ልባስ ሸፍኑ። ወፉም ይተርፋል፣ መብራቱም አይጠፋም።

ደረጃ 8፦ ጎርፍ

ድሬ ላይ ጎርፍ ሰማይ ሳይጠቁር ይመጣል። ዝናቡ ደጋው ላይ ይዘንባል፤ ውሃው በአሸዋ ወንዙ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሰብሮ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ይህን የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም።

ለጣቢያ ሠራተኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው። በወንዙ ዳር፣ “ደረቅ ነው” ተብሎ፣ በርሜል አይቀመጥም። ባዶ ታንከር በውሃ ተነስቶ ይንሳፈፋል፤ በብረት ታስሮ ከኮንክሪቱ ጋር ይያያዝ። ቦዮችን በዓመት ሁለቴ ጥረጉ፦ ከበልግ በፊት በየካቲት፣ ከክረምቱ በፊት በሰኔ። ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል ያለ አንድ የሥራ ባልደረባ ወይም ዘመድ ስልክ በፈረቃ መዝገቡ ላይ ይጻፍ። እሱ “እዚህ እየወረደ ነው” ካለ ቫልቭ ዘግታችሁ በርሜሎቹን ወደ ከፍታ ታነሳላችሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ደረጃ 9፦ ጎረቤት

የቅሬታ ሳጥን ብቻ አይበቃም። በሩ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ስልክ ቁጥር ጻፉ፤ ሐረር ከሆናችሁ ሐረሪኛም ይጨመር። የሚያነሳው ሰው ስሙ ይታወቅ። አንድ አባት “ልጄ፣ ጭሱ ቤቴ ገባ” ብለው ሲደውሉ “ደብዳቤ ያስገቡ” አይባሉም። “አባባ፣ ዛሬ መጥተን እናያለን” ይባላሉ፤ ከዚያ ይኬዳል። የመጣው ቅሬታ፣ የተወሰደው እርምጃና የተመለሰበት ቀን ይመዝገብ።

ጎረቤት የሆናችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። በአዋጅ 300/1995 ማንኛውም ሰው በግሉ ተጎዳሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። ፎቶ ስታነሱ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ የፈሰሰውን ውሃ በንጹሕ ጠርሙስ ያዙ፤ ስታመለክቱ ቅጂውን ቁጥር አስደርጉ።

ደረጃ 10፦ ራሳችሁን ፈትሹ

በወር አንድ ቀን ከሌላ ክፍል የመጣ ሰው ጣቢያውን ይፈትሽ። ፋይል አገላብጦ አይመለስ። የሌሊት ጥበቃውን ይጠይቀው፦ አሁን ዘይት ቢፈስ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ለማን ትደውላለህ? የአሸዋው ቁልፍ የት ነው? ጥበቃው ከመለሰ ሥርዓቱ አለ። ካልመለሰ ስልጠናው ከሱ ይጀመር።

የተገኘው ጉድለት “ሠራተኛው ቸልተኛ ስለሆነ” ተብሎ አይዘጋ። ቫልቩ ለምን ክፍት ሆኖ አደረ? ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ብቻ ስለነበረ ነው? ፈረቃ ሲቀያየር የሚፈረምበት መስመር ስለሌለ ነው? መልሱ አሠራሩን ይቀይር። በየሩብ ዓመቱ ደግሞ የጣቢያ ኃላፊው ከበላይ አመራር ጋር ሲቀመጥ አራት ቁጥር ይዞ ይግባ፦ የፈሰሰ ሊትር፣ ለተረካቢ የሄደ ያገለገለ ዘይት፣ የተሞላ ኤስ ኤፍ ሲክስ በኪሎ፣ ያልተዘጋ ቅሬታ። ከእነዚህ ጎን የሚቀጥለው በጀት ይቀመጥ። ለግንቡ ስንጥቅ፣ ለጠጠሩ እጥበት፣ ለላቦራቶሪው ናሙና ገንዘብ ካልተመደበ ኃላፊው ፈርሞ ከመውጣቱ በፊት እዚያው ስብሰባ ላይ ይጠይቅ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።